የአጨዳ ቀን ሐቅ



ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችሁ ጨርሳችኋል፤ ያልጀመራችሁም እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። የሁለቱን አትክልት ባለቤት እዚያ ታገኙታላችሁ፦ ወይኑ፣ ዙሪያውን ተምሩ፣ መሃል ላይ አዝመራው፣ በመካከሉ የሚፈሰው ወንዝ። ስለ እሱ ኩራት በየጁሙዓው ይወራል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላ እርሻ ነው፤ ሱረቱል ቀለም ውስጥ ስላለው።

የዚያ እርሻ ባለቤቶች ሙፈሲሮች እንደሚነግሩን ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው ደግ ሰው ነበር፤ ፍሬው ሲደርስ የሚስኪኖችን ድርሻ ይተው ነበር። አባት ሞተ፣ ልጆች ወረሱ። ልጆቹ ተሰብስበው ገና በማለዳ ሄደው ፍሬውን ሊለቅሙት ተማማሉ፤ ኢንሻአላህ እንኳ አላሉም። ሌሊት ተኝተው ሳለ ከአላህ ዘንድ የመጣ ጥፋት እርሻውን ዞረው። እነሱ ይህን አያውቁም። ጠዋት ተጠራርተው ተነሱ፤ ዛሬ አንድም ሚስኪን እንዳይገባባችሁ እየተባባሉ፣ እየተንሾካሾኩ መንገድ ጀመሩ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለምን ተንሾካሾኩ? እርሻው እኮ የራሳቸው ነው። አልሰረቁም፣ የሰው ድንበር አልገፉም፣ ውርሱም ሐላል ነው። ሰው የገዛ ንብረቱን ሊሰበስብ ሲሄድ ድምፁን የሚቀንሰው ለምንድነው? እኔ እንደሚገባኝ፣ ከዚያ ፍሬ ውስጥ የእነሱ ያልሆነ ነገር እንዳለ ልባቸው ያውቅ ስለነበር ነው። ደርሰው ጠቁሮ ሲያዩት መጀመሪያ መንገድ የሳቱ መሰላቸው። ኋላ ነው የተነፈጉት እነሱ መሆናቸው የገባቸው። እርስ በርስም ተወቃቀሱ፤ በመጨረሻም ወደ ጌታቸው ተመለሱ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም ስለ ተምሩ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ወይራውና ስለ ሩማኑ ከነገረን በኋላ ፍሬው ሲያፈራ እንድንበላ ፈቀደልን፤ ወዲያውም በአጨዳው ቀን ሐቁን እንድንሰጥ አዘዘን። ዑለሞች ይህ የታዘዘው ዘካ ነው ወይስ ከዘካ በፊት የነበረ ሌላ ግዴታ በሚለው ላይ ተለያይተዋል። ቃሉ ግን አንድ ነው፤ ሐቅ። ሐቅ ደግሞ ስጦታ አይደለም። የሰው ገንዘብ እጃችሁ ላይ ነው ማለት ነው። ቀኑም ተቆርጦለታል፤ ስንደላደል አይደለም፣ ዋጋው ሲወጣ ሸጠን ስንመለስም አይደለም። የአጨዳው ቀን ነው።

በከተማ የምንኖር ወጣቶች የወርቅና የባንክ ዘካን ነገር እንጠይቃለን፤ አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው። የእህል ዘካ ግን ለብዙዎቻችን «አባቴ ያውቀዋል» የሚባል ነገር ሆኗል። አባትህ ያውቀዋል ወይ? ጠይቀኸው ታውቃለህ? ዝናብ ያበቀለው ከ10 አንድ ነው፤ በድካም በተቀዳ ውሃ የበቀለው ደግሞ ከ20 አንድ። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ፣ በጣም የምወደው ነገር ነው። ሸሪዓው የገበሬውን ወገብ አይቷል። ውሃ የቀዳና የተሸከመ ሰው ከሚሰጠው ላይ ግማሹ ተቀነሰለት። መጠኑን በተመለከተ አብዛኞቹ ዑለሞች 5 ወስቅ ከሞላ ነው ይላሉ፤ ይህም 300 ሷዕ ነው፣ በዛሬ ሚዛን ከ6 ኩንታል ትንሽ ከፍ ይላል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ግን በትንሹም ላይ ግዴታ ነው ብለዋል። መሬታችሁ ለእኩል ወይም ለሲሶ ከተሰጠ ዘካውን ማን በየትኛው ድርሻ ላይ እንደሚያወጣ የሰፈራችሁን ሸህ ጠይቁ፤ ዝርዝር አለው፣ እኔ እዚህ አልቆርጠውም።

ዛሬ ልቤን የያዘው ግን ዘካው ብቻ አይደለም። የአጨዳ ቀን ሌላም ሐቅ አለበት፤ የአጫጁ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ወሎ፣ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። አባቴ ዕድሜው ገፍቷል። አብዛኛውን መሬት ለእኩል ሰጥቶ አንዲት የጤፍ ማሳ ብቻ ለራሱ አስቀርቷል። ጤፉ ደርሶ አንድ ቀን ሲቀረው ሰማዩ ጠቆረ። የገጠር ልጅ የሆነ የኅዳርን ዝናብ ያውቀዋል። የደረሰን ጤፍ መሬት ላይ ያስተኛዋል፣ ፍሬውን ያረግፈዋል። ደቦ እንዳንጠራ ሁሉም በየማሳው ላይ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፤ ደመናው ለሁሉም መጥቷል። ከገበያ ሦስት ልጆች ቀጠርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ እንዳሉ ዋሉ፤ ለሶላትና ለምሳ ብቻ ነው ቀና ያሉት። ዝናቡ ሳይደርስ ነዶው ተከመረ። አባቴ ክምሩን እየዞረ አላህን ሲያመሰግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ለሁለቱ እጅ በእጅ ከፈልኩ። ከዚያ ኪሴ ውስጥ የነበረው ብር አለቀ። ለሦስተኛው፣ በዕድሜ ለትንሹ፣ «ቁጥርህን ስጠኝ፤ አዲስ አበባ እንደገባሁ በቴሌብር እልክልሃለሁ» አልኩት። «ችግር የለም ጋሼ» አለኝ። ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ።

አዲስ አበባ ገባሁ። ረሳሁት። አልካድኩትም፣ ወላሂ ረሳሁት። ከማላውቀው ቁጥር ሁለት ጊዜ ተደውሎልኝ ነበር፤ እንደ ብዙዎቻችሁ የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም። ከወር በኋላ እናቴ በሰላምታ መሃል «ያ አጫጁ ልጅ መተማ ወረደ አሉ» ስትለኝ ነው ሰውነቴን ውሃ የወረረኝ።

የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንድንሰጥ ያዘዙንን የነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እዚህም ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከዚያ የሚከብድ ሌላም አለ፣ ቡኻሪ የዘገቡት፤ አላህ የቂያማ ቀን ተከራካሪያቸው የሚሆን ሦስት ሰዎች አሉ። አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ አሠርቶ ዋጋውን ያልሰጠ ነው። ያንን ልጅ አስቡት፤ ጠበቃ የለው፣ ውል የለው፣ ቁጥሩም አይነሳለትም። የሚከራከርለት ማን እንደሆነ አያችሁ?

ዋሻ ውስጥ የተዘጋባቸውን የሦስቱን ሰዎች ሐዲስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። (ይህ የሱረቱል ከህፍ ዋሻ አይደለም፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል።) ሦስተኛው ሰው ዱዓ ያደረገው በምን ሥራ ነበር? ሠራተኞች ቀጥሮ ለሁሉም ከፈለ፣ አንዱ ግን ዋጋውን ሳይወስድ ሄደ። ዋጋው አንድ ስፍር እህል ነበር፤ በአንዱ ዘገባ ሩዝ፣ በሌላው ማሽላ። ቀጣሪው ያንን ስፍር ረስቶ አልተቀመጠም። ዘራው፣ አራባው፤ ከብትና በግ እስኪሆን ድረስ። ሰውዬው ከዘመናት በኋላ መጥቶ ዋጋዬን ሲለው፣ ይህ የምታየው ሁሉ ያንተ ነው አለው። ሠራተኛው አትቀልድብኝ ብሎ ነበር። ኋላ ሁሉንም ነድቶ ሄደ። በዚህ ሥራ ዱዓ ተደረገ፣ ድንጋዩ ተንሸራተተ።

እኔ ያንን ሐዲስ ስንት ዓመት ስሰማው በዱዓው ነበር የምደነቀው። አሁን የሚያስደንቀኝ ሰውዬው የሠራተኛውን ስፍር ለይቶ ማስቀመጡ ነው። ከራሱ እህል ጋር አልቀላቀለውም።

አሁን መተማ ስለሚወርዱት ልጆች ትንሽ ልንገራችሁ፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ቆላውን አታውቁትም። ከደጋው ወጣቱ በየዓመቱ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ ይጎርፋል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በአጨዳው ሰሞን ሠራተኛ ይለመናል፣ ይባበላል። አጨዳው ካለቀ በኋላ ግን የሚለምነው ሠራተኛው ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር የሚያድሩ አሉ። ወባ አለ። ካላዛር የሚባል ከአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ በሽታ አለ፤ ካልታከመ ይገድላል፣ የሚበዛውም በእነዚሁ የወቅት ሠራተኞች ላይ ነው። ጠላ ላይ የምትበትኗት፣ ዳቦ ላይ የምትነሰነሰዋ... አስተግፊሩላህ፣ ጠላውን ተዉት፤ ዳቦዋ ላይ የምትነሰነሰው ሰሊጥ በማን እጅ እንዳለፈች ለማወቅ ያህል ነው።

ሳዑዲና ዱባይ ያላችሁ እህቶቼ፣ ወር ሙሉ ሠርታችሁ ደሞዝ ሲያዝባችሁ ምን እንደሚሰማ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የምትልኩት ብር አገር ቤት በሬ ይገዛል፣ አራሽ ይቀጥራል። ስትደውሉ «እህሉ እንዴት ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። «ያጨዱት ልጆች ተከፈላቸው?» ብላችሁም ጠይቁ። ከእናንተ ሲሰማ ቤተሰብ ያፍራል፣ ይከፍላል።

ደግሞ አንዳንድ ወጣቶች «መንግሥት ሴፍቲኔት አለው፣ ዕርዳታ ድርጅት አለ፣ ድሃው በእነሱ ይያዛል» ሲሉ እሰማለሁ። ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የምግብ ክፍተት ላለባቸው የገጠር ቤተሰቦች የተዘረጋ ፕሮግራም ነው። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ ያረጀው፣ የታመመው፣ ያረገዘችው ደግሞ ሳይሠሩ ይሰጣቸዋል። የተራቆተ ተራራ ዛፍ የለበሰበት ቦታ አለ፤ በረካ ነው፣ እንዳናንቋሽሸው። ግን ለሚሠሩት ክፍያው ዓመቱን ሙሉ አይሸፍንም፣ የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። ክረምቱ ደግሞ ይመጣል። ገበሬው ታኅሣሥ ላይ ዕዳ አስጨንቆት በርካሽ የሸጠውን እህል ሐምሌ ላይ በውድ የሚገዛበት፣ ልጅ ጎተራውን ከፍቶ የሚያይበት ወር። የአጨዳ ቀን ሐቅ ጎረቤት ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያ ጎተራ እስከ ነሐሴ አንድ ነገር ይኖረው ነበር።

ከአንባቢዎቼ መካከል እርሻ የተማራችሁ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሆናችሁ፣ የቀበሌ ስም ዝርዝር የምትይዙ አላችሁ። ለእናንተ ዐብደላህ ኢብኑ ረዋሓን (ረ.ዐ) ላስታውሳችሁ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን መሬት ለነዋሪዎቹ ለአይሁዶቹ በእኩል ሰጥተዋቸው ነበር፤ እነሱ ያለማሉ፣ ምርቱ ይካፈላል። ኢብኑ ረዋሓ የተምሩን ግምት እንዲያወጣ ተላከ። ሰዎቹ የሴቶቻቸውን ጌጥ ሰብስበው አመጡለት፣ ግምቱን እንዲያቀልላቸው። ኢማሙ ማሊክ በሙወጧእ እንደዘገቡት አልተቀበለም፤ ጉቦው ሱሕት ነው፣ አንበላውም አላቸው። የሚጠላቸው መሆኑንም አልደበቀም። ይህ ጥላቻ ግን እንዲበድላቸው እንደማያደርገው ነገራቸው። እነሱም ሰማይና ምድር የቆሙት በዚህ ነው አሉ።

ይህ ታሪክ ለስብከት ውብ ነው፤ ሥራ ላይ ግን ያስፈራል። ዝርዝሩ እጅህ ላይ ነው። ኮታው ለ40 ሰው ነው፣ ሚስኪኑ 60 ነው እንበል። አጎትህ ደውሏል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግን አልደወለችም፤ ቁጥርህን አታውቅም። ከሰፈርህ ውጭ ነች፣ ምናልባት ከሃይማኖትህም ውጭ ነች። እዚያች ወረቀት ላይ ኢብኑ ረዋሓ ነህ።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ምድሩ አመድ በመሰለበት የድርቅ ዓመት፣ ሕዝቡ እስኪጠግብ ቅቤና ወተት አልቀምስም ብለው በዘይት ብቻ ኖሩ፤ መልካቸው እስኪጠቁር። ግን ዘይት በመብላት ብቻ አልቆሙም። ወደ ሻም ጽፈው እህል አስጫኑ። ሁለቱም ያስፈልጋል፤ የልብ መታመምም፣ የግመል ጭነትም።

ከዚያ የልጅ ልጃቸው ወገን የሆኑት ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ መጡ። ኢራቅ ያለው ሹማቸው ለሰው ድርሻውን ሰጥቼ አሁንም በበይተል ማል ገንዘብ ተረፈ ብሎ ጻፈላቸው። ባለ ዕዳውን ፈልገህ ክፈልለት አሏቸው። ከፈለ፣ ተረፈ። ማግባት አቅቶት የተቀመጠውን ዳረው። ዳረ፣ ተረፈ። በመጨረሻ የጻፉለት ምን ነበር መሰላችሁ? ጂዝያ ከሚከፍሉት ገበሬዎች ውስጥ መሬቱን ማልማት ያቃተውን ፈልግና አበድረው፣ እስኪበረታ፤ ለአንድና ለሁለት ዓመት ብቻ አይደለምና የምንፈልጋቸው። አቡ ዑበይድ በኪታቡል አምዋል ዘግበውታል። ሙስሊም ላልሆነ ገበሬ የእርሻ ብድር፤ የዛሬ 1300 ዓመት ገደማ።

እናንተ በይተል ማል የላችሁም፤ ስልክ አላችሁ። የሀገራችሁ ልጆች የምትሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ፤ ለሠርግና ለሐዘን የምታዋጡበት። ከዘካ ተቀባዮች መካከል ባለ ዕዳው አንዱ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ አስጨንቆት ዘር የሸጠ ገበሬ በሰፈራችሁ አይጠፋም፤ ሰኔ ሳይገባ ማን እንደሆነ ጠይቁ። የእህሉ ዘካ በእህሉ ነው ወይስ በብር ይሆናል የሚለው በመዝሀብ ይለያያልና ኡስታዛችሁን አማክሩ። ሰው ፊት ፎቶ እያነሳችሁ አትስጡ፤ ሐቁን ለተቀበለ ሰው ፎቶ አይነሳም።

የእኔን ነገር ሳልጨርስ ቀረሁ።

የልጁን ዋጋ በእናቴ በኩል ለእናቱ ላኩ፤ ስለ መዘግየቱም ጨምሬ። ቆይቼ ራሴ ደወልኩላቸው። ያ ብር ለማዳበሪያ ዕዳ ማሟያ ታስቦ ነበር፤ ሲዘገይ ያላቸውን አንዲት ፍየል ሸጡ። ይህን የነገሩኝ ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ ስጠይቃቸው ነው። ይቅርታ አልኳቸው፣ አውፍ በሉኝ አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ገንዘቡን ተቀብያለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ። ጎንበስ ብሎ ያጨደው ግን እሱ ነው። አውፉን ከእሱ ጠይቅ።»

ቁጥሩ እስካሁን አይሠራም። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ እንደገና እሞክራለሁ።